ፍልሰተ ካሴት

ዘፋኝ የሌለበት ሙዚቃ በአገራችን የደረሰበት ዕጣ እጅግ የሚያሳዝን ነው፤ ይኸውም ሰው ሁሉ ሌላ ነገር በሚጠባበቅበት ሰዓት ብቻ እንዲሰማ፣ የሚጠበቀውም ነገር በመጣ ጊዜ ያለ አንዳች ይቅርታ መካከሉ ላይ ተቈርጦ እንዲቀር የተፈረደበት መሆኑ ነው። በሬዲዮ ዜናው እስኪደርስ ሁለት ደቂቃ ቢተርፍ ክፍተቱን የሚደፍነው እርሱ ነው፤ በሠርግ ቤት ሙሽሮቹ እስኪገቡ የሚንቆረቆረው፣ በመናኸሪያ ረዳቱ የመጨረሻውን ወንበር የሚሞላ ተሳፋሪ እስኪያገኝ የሚያንጎራጉረው፣ በስልክም ኀላፊው ከስብሰባ እስኪወጡ «እባክዎን ይጠብቁ» ስንባል በጆሯችን የሚፈስሰው እርሱ ነው። ከዚህ የተነሣ የእኔ ትውልድ ሰዎች በመሣሪያ ብቻ የተሠራውን ዜማ ሁሉ እስከ እኩሌታው ድረስ በቃላችን እናውቀዋለን፤ ከእኩሌታው ወዲያ ያለውን ግን ወይ ዜና አንባቢው፣ ወይ ሙሽራዋ፣ ወይ ሾፌሩ ስለ ወሰደብን፣ እንዴት እንደሚፈጸም ሳናውቅ ጠጕራችን ሸበተ።

ዛሬ የማወጋላችሁ ካሴት ከዚህ መከረኛ ወገን የተወለደች ናት። ባለቤቷ ኃይሉ መርጊያ፣ ስሟም «ሸሞንሟናዬ» ሲሆን፣ የተቀረጸችው እ.ኤ.አ. በ1985 በዋሺንግተን ከተማ ነው። በባሕር ዳር ካሴት የሚሸጥና የሚቀዳ ሱቅ በየመንገዱ ዳር በነበረበት፣ ከሱቁ ደጃፍ የተሰቀለውም ድምፅ ማጉያ ከጊዮርጊስ ደጅ እስከ ቅዳሜ ገበያ የሚወርደውን መንገደኛ ሁሉ ፈለገም አልፈለገም በአንድ ስልት ያራምድ በነበረበት ዘመን፣ እኔም ከተራማጆቹ አንዱ ሆኜ ሳለሁ ሰምቼ ወደድኋት።

የእኔይቱ ግን ዋናዪቱ አልነበረችም። ዋናውን ካሴት መግዛት ለመምህር ደመወዝ ስለሚከብድ ባዶ ካሴት ይዞ ሄዶ ማስቀዳት የተለመደ ነበር፤ እኔ ደግሞ ለባዶውም ሳስቼ፣ ለተማሪዎቼ ብዬ ከሬዲዮ የቀዳሁት የእርሻ ትምህርት ባለበት አሮጌ ካሴት ላይ ደርቦ እንዲቀዳልኝ ጠየቅሁ። ቀጂውም ልጅ እንደ ታዘዘው አደረገ፤ በጀርባዋም በሰማያዊ ቢክ «ክላሲካል» ብሎ ጻፈባት፤ የተጫዋቹን ስም ግን አልጻፈም፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው ሙዚቃ ሁሉ ስሙ ክላሲካል፣ አባቱም ያልታወቀ ነበርና። «አምባሰል» የተባለው ዜማ በሚያልቅበት ቦታ ላይ ልጁ ቴፑን አቁሞ ጥቂት ወደ ፊት አሳልፎት ኖሮ፣ ከሥር የነበረው ድምፅ ብቅ ብሎ «...ስለዚህ ውድ ገበሬዎች፣ ቅጠሉ መጠውለግ ሲጀምር...» ይልና ይሰወራል። ቅጠሉ መጠውለግ ሲጀምር ምን መደረግ እንዳለበት በትምህርቱ ተነግሮ እንደ ነበር አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ምክሩን የሚቀጥለው ዜማ ውጦታል። ቴፑ ካሴቷን በበላት ጊዜ ሁሉ በእስክሪብቶ እየጠቀለልሁ፣ በተበጠሰችም ጊዜ በፕላስተር እየቀጠልሁ፣ ከነገበሬዎቹ እስከ ዘመነ ሲዲ አደረስኋት።

የተጫዋቹ ታሪክ ከተገለጠልኝ በኋላ ግን፣ ያ ስሙ ያልተጻፈ ሰው ከስንቱ ስሙ ከተጻፈ ሰው ይልቅ የሚወራለት ሆኖ አገኘሁት። ኃይሉ መርጊያ በለጋ ዕድሜው አኮርዲዮን የተማረ፣ በጦር ሠራዊቱ የሙዚቃ ክፍል ውስጥ ያለፈ፣ በኋላም በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ሲጫወት በኖረው በዋልያስ ባንድ ኦርጋኑን የያዘ ሰው ነው። ዋልያስ እ.ኤ.አ. በ1977 «ቼ በለው» የተባለውን፣ አንድም ዘፋኝ የማይመራውን ሸክላ ማውጣቱ በራሱ ትልቅ ድፍረት ነበር፤ የግርማ በየነ ድርሰት የሆነው «ሙዚቃዊ ስልት» የሚገኘው በዚያ ላይ ነውና። ዘመኑም የደርግ ዘመን፣ ሰዓት እላፊ የታወጀበት ስለ ነበር፣ ሊጨፍር የመጣ ሰው በሩ ተዘግቶበት እስኪነጋ እንዲቈይ የግድ ነበር ይባላል፤ ስለዚህ ሙዚቀኞቹም ሌሊቱን ሙሉ መጫወት ነበረባቸው። ለመሣሪያ ሙዚቃ እንደዚያ ያለ ታጋሽ አድማጭ ከዚያ ወዲህ አልተገኘም፤ መንግሥት ራሱ በሩ ላይ ወታደር አቁሞ ያዳመጠበት ጊዜ ነበርና።

እ.ኤ.አ. በ1981 ባንዱ ወደ አሜሪካ ተጕዞ ትርዒቱን ካሳየ በኋላ እኩሌቶቹ ሲመለሱ ኃይሉ ከቀሩት ጋር ቀረ። በስደት አገር ሳለም የልጅነቱ አኮርዲዮን ትዝ አለውና፣ ያን አሮጌ መሣሪያ ከሮድስ ፒያኖ፣ ከሙግና በዚያን ጊዜ አዲስ ከነበረው ከያማሃ ዲኤክስ ሰቨን ጋር አጣምሮ፣ ከበሮውንም ለማሽን ትቶ፣ ሁሉንም ብቻውን እየደራረበ ቀረጸው። ከዚያ በኋላ እንጀራ እንጀራ ነውና፣ ለብዙ ዓመታት ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ የሚያመላልስ የታክሲ ሾፌር ሆነ፤ ነገር ግን ከመኪናው ኋላ፣ የመንገደኛው ሻንጣ በሚገባበት ሥፍራ፣ ኪቦርዱን ይዞ ይዞር ነበርና ተራው እስኪደርስ እያወጣ ይለማመድ ነበር። የዚህ ነገር ምፀት አያምልጣችሁ፤ ሙዚቃው በአገር ቤት ሰው ሲጠብቅ የሚሰማው ነበር፤ ባለ ሙዚቃው ደግሞ በባዕድ አገር ሰው ሲጠብቅ የሚጫወተው ሆነ።

አሁን ነገሩ ወደ እኛ ከተማ ይመጣል። ብራያን ሺምኮቪትስ የሚባል አሜሪካዊ፣ በአፍሪካ እየዞረ አሮጌ ካሴት የሚሰበስብና «ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» በሚባል የራሱ አሳታሚ ድርጅት ሥር እንደገና የሚያወጣ ሰው፣ በጕዞው ባሕር ዳር ደረሰ። ወደ ባሕር ዳር የሚመጣ እንግዳ ሁሉ የሚያደርገውን እናውቀዋለን፤ በጀልባ ተሳፍሮ ወደ ዘጌ ይሄዳል፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልሞ ይወጣል፣ ጢስ ዓባይን አይቶ ፏፏቴው አነሰብኝ ይላል፣ አመሻሽ ላይ በጣና ዳር ተቀምጦ ዓሣ ጠብሰው እንዲያቀርቡለት ያዛል። ይህ ሰው ግን ካሴት ቤት ገብቶ የኃይሉን ካሴት ገዛ። ገዝቶም ዝም አላለም፤ ባለቤቱን አፈላልጎ በስልክ አገኘው፤ ተዋውለውም እ.ኤ.አ. በ2013 «ሸሞንሟናዬ» እንደገና ታተመች። ሽማግሌው ባለ ታክሲም በኪቦርዱ ፊት ተመልሶ በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች ይዞር ጀመር፤ በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 ደግሞ «የኔ ምርጫ»ን አዳዲስ አድርጎ አወጣ።

ወሬው ወደ ከተማችን በደረሰ ጊዜ ወገኖቼ በሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን «ቅርሳችን ተዘረፈ» ብሎ ተነሣ። ይህ ወገን ሲናደድ ምክንያት አያጣም፤ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የጫኑትን ብራና፣ ፈረንሳዮች ደግሞ ከጎንደር አባ እንጦንስ ግድግዳ ላይ ልጠው ፓሪስ ያስገቡትን ሥዕል ማን ይረሳል? እኔ ግን በዚህ ነገር ከተቈጪዎቹ ጋር አልቈጣም። ሰውየው ካሴቷን ከመቅደስ ፈልቅቆ አልወሰዳትም፤ ከመደርደሪያ ላይ፣ ከአቧራው ጋር፣ የተጠየቀውን ከፍሎ ገዛት። እኛ በዚያ መደርደሪያ ፊት ስንመላለስ ኖረናል። ባለ ሙያውን ፈልጎ ያገኘውም እርሱ፣ ትርፉን እኩል እንካፈል ያለውም እርሱ ነው፤ የእኔ ቀጂ ግን ለኃይሉ ምን ያህል እንዳካፈለው ብትጠይቁኝ፣ ልጁ ስሙን እንኳ ያልጻፈው ሰው ነው ብዬ ነገሩን ባልፍ እመርጣለሁ። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ከዚያን ቀን ጀምሮ ኃይሉን «ወንዛዬ» ማለት ጀመረ። ሰውየው ከዓባይ ማዶ በሸዋ በኩል ያደገ መሆኑን ብናስረዳቸውም፣ ካሴቱ የተገኘው እዚህ አይደለምን? ብለው ድርቅ አሉ። ዕቃው የጠፋበት ሳይሆን የተገኘበት አገር ዘመድ ይሆናል የሚለው ሕግ በፍትሐ ነገሥት መኖሩን አላውቅም፤ ደስ ስላለኝ ግን አልተከራከርሁም።

የታደሰችውን እትም ያየኋት የእኅቴ ልጅ ከሲልቨር ስፕሪንግ ለፋሲካ በመጣ ጊዜ ነው። ቤተ ሰቡ ሁሉ ስልክና ጫማ ሲጠብቅ፣ ልጁ ከሸሚዞቹ መካከል በጥንቃቄ ጠቅልሎ ያመጣትን አንዲት ሰፊ፣ ዐራት ማእዘን፣ ቀጭን ነገር አውጥቶ «ጋሼ፣ ይቺ ያንተ ናት» አለኝ። በጥቁር ሸክላ የታተመች «ሸሞንሟናዬ» ነበረች። እጄ ተንቀጠቀጠ ብዬ አላጋንንም፤ ነገር ግን ወዲያው የታሰበኝ አንድ ችግር ነበር፤ ሸክላ ማጫወቻ ያለው ሰው በባሕር ዳር ማን ነው? በሐይቁ ዳር ካሉት ካፌዎች በአንዱ ግራሞፎን ተቀምጦ ማየቴ ትዝ ስላለኝ፣ ሸክላዋን በክንዴ ሥር ይዤ ከልጁ ጋር በባጃጅ ሄድን። ግራሞፎኑስ ነበረ፤ ክዳኑ ሲከፈት ግን በውስጡ የፕላስቲክ አበባ ተተክሎበት ተገኘ። አስተናጋጇም «ለፎቶ ነው ጋሼ» ብላ በትሕትና ገለጠችልን። ከዚያ በኋላ ያደረግነውን ብናገር የሚስቅ ይኖራል፤ ሸክላዋን በሳሎኑ ብፌ ላይ በግድግዳው አስደግፈን እንደ ሥዕል አቆምናት፤ ልጁም ያንኑ እትም ከስልኩ በትንሽ ስፒከር ከፈተልን። ስለዚህ የታደሰውን ሸክላ በዐይናችን እያየን፣ በጆሯችን ስልክ አዳመጥን።

በዚያ ሰዓት ጎረቤታችን መሪጌታ ለእንኳን ደኅና መጣህ ገብተው ነበር። መሪጌታ ድጓውን በቃላቸው የዘለቁ፣ ብራና ፍቀው መቃ ቀርጸው መጻሕፍት የጻፉ፣ ዓለማዊ ዘፈን ሲነሣ ግን የሚቀመጡበትን ወንበር ወደ በሩ የሚያስጠጉ ሰው ናቸው። ዘፋኝ ሲጠፋ ጊዜ የሚከለክላቸው ቃል አላገኙምና፣ ወንበራቸውን ባለበት አቆይተው፣ በጭራቸው ጉልበታቸውን መታ መታ እያደረጉ ያዳምጡ ጀመር።

ስለ እትሙ ንጽሕና እውነቱን ልናገር። ስለ አሮጌ ካሴት የሚጽፉ ሰዎች ሁሉ ሽውታው ናፈቀኝ፣ መንኮሻኮሹ ናፈቀኝ ሲሉ አነባለሁ፤ እኔን ግን አንዳችም አልናፈቀኝም። በእኔ ቅጂ ላይ የከበሮው ማሽን ጣሪያ ላይ እንደሚያንጠባጥብ ዝናብ ከሩቅ ብቻ ይሰማኝ ነበር፤ አሁን ግን እያንዳንዱ ምት ቦታውን ይዞ፣ ያ ግትር ማሽን ሳይደክምና ሳይፈጥን ሲሄድ፣ አኮርዲዮኑ ደግሞ በላዩ እየዘገየና እየተንጠለጠለ ሲያሾፍበት፣ የተጫዋቹም ግራ እጅ ከሥር የሚሠራው ሥራ ወለል ብሎ ታየኝ። ከሁሉ የሚበልጠው ደስታዬ ግን ዜማዎቹ ሲፈጸሙ መስማቴ ነው። ዜና አልገባም፤ ሙሽራ አልመጣችም፤ አውቶቡሱ አልሞላም። «ወገኔ» እንዴት እንደሚያልቅ በዚህ ዕድሜዬ ዐወቅሁ። «አምባሰል» ሲያልቅ ብቻ፣ ክፍሉ ጸጥ ባለበት ቅጽበት፣ ሳላስበው ከአፌ «ስለዚህ ውድ ገበሬዎች» የሚል ቃል አምልጦኝ መሪጌታ ደንግጠው ዞሩ።

ነገሩን ባስረዳኋቸው ጊዜ ግን ከማንም ይልቅ የገባቸው እርሳቸው ሆኑ። «ይኸማ የታወቀ ነው» አሉ፤ «ብራና ሲጠፋ አሮጌውን ፍቀን እንጽፍበታለን፤ አፋፋቁ ካልተዋጣ የድሮው ጽሑፍ ከሐዲሱ መካከል ብቅ ይላል። አንባቢው ተጠንቅቆ ካልሆነ ከወንጌሉ ጋር የመሬት ውል አብሮ ያነብባል።» ከዚያም ወደ ስልኩ እየጠቆሙ «ይህ ባለ ዜማ ምን ይሠራ ነበር?» ብለው ጠየቁ። በአሜሪካ ታክሲ ይነዳ እንደ ነበር ስነግራቸው አልተደነቁም፤ «የቆሎ ተማሪስ ሲለምን ውሎ አይደል ማታ ዜማውን የሚያጠና?» አሉ። «ሽለላ» የተባለው ክፍል በደረሰ ጊዜ ግን ጭራቸውን አቁመው ተቸገሩ።

«ሸላዩ ወዴት አለ?»

«የለም መሪጌታ፤ የሚሸልለው ኪቦርዱ ነው።»

«ታዲያ ገዳይ የሚባለው ማን ሊሆን ነው?»

ለዚህ መልስ አላገኘንም።

የእኅቴ ልጅ በሂፕ ሆፕ ያደገ፣ ጥሩ የሚባለውንም ከተለመደው ወጣ ያለውን የሚመርጥ ልጅ ነው፤ ወደ ኢትዮጵያ አሮጌ ሙዚቃ የመጣውም በእናቱ በኩል ሳይሆን በዚያ በኩል ዞሮ ነው። ናስና ዴሚያን ማርሊ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት አልበም መክፈቻ ላይ የሙላቱ አስታጥቄ «የገሌ ትዝታ» እንዳለበት፣ ኦ ኖ የተባለው አቀናባሪም ከዚያ በፊት በ2009 አንድ ሙሉ አልበም ከእኛ አሮጌ ሸክላዎች ብቻ ቈራርጦ እንደ ሠራ ነገረን። መሪጌታ «ቈራርጦ» የሚለውን ሰምተው ማብራሪያ ስለ ጠየቁ፣ ልጁ እጁን እያወዛወዘ አስረዳቸው፤ ከረጅሙ ዜማ ላይ አንዲት አጭር ክፋይ ይወስዳሉ፣ እርሷኑ እየመላለሱ ያዞሯታል፣ በላይዋም ቃላቸውን ያወርዱባታል።

«ምልጣን ነዋ!» አሉ መሪጌታ፣ ነገሩ ቀልሎ ስለ ታያቸው ቅር እያላቸው። «ከዜማው መካከል አንዷን ክፋይ አውጥተን፣ እርሷን እየመላለስን፣ በከበሮና በጸናጽል እያሸበሸብን አይደል በማኅሌት የምናነጋው? ይህን ከመቼ ወዲህ ነው አሜሪካኖች የጀመሩት?» ከኒውዮርክ ብሮንክስ፣ ከ1970ዎቹ ወዲህ መሆኑን ልጁ ቢነግራቸው፣ በትዕግሥት ፈገግ አሉና «ባለ ዜማውንስ ስሙን ይጠሩታል?» ብለው ጠየቁ።

«ጠበቃ ካለው ይጠሩታል፣ የኔታ» አለ ልጁ።

ከዚያ ልጁ ለራሱ የገዛውን ሌላ እትም ሥዕል በስልኩ አሳየን። እርሱም ሙላቱ እ.ኤ.አ. በ1972 በኒውዮርክ ያሳተመው «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» ሲሆን፣ ስትራት የተባለው የእንግሊዝ አሳታሚ በ2017 ባለ ሦስት ሸክላ አድርጎ፣ የመጀመሪያውን የሞኖ ቅጂና በስቱዲዮ ውስጥ ተሞክረው የቀሩትን ሁሉ ጨምሮ ያወጣው ነው። መሪጌታ የተሞከረውና የቀረው ነገር አልዋጥ አላቸው። ጸሐፊ መሥመር ቢስት በቢላዋ ፍቆ ያስተካክላል፤ ስሕተቱን በሌላ ብራና ሰፍቶ ከመጽሐፉ ጋር በውድ ዋጋ አይሸጥም። እኔም በዚህ ነገር የመሪጌታ ወገን ነኝ፤ ሠዓሊ የሣለውን እንጂ ብሩሹን ያጠበበትን ውሃ ለምን እገዛለሁ? ልጁ ግን ተነሥቶ ቆመ። «ጋሼ፣ አንተ ራስህ በዓለም ላይ ማንም የሌለው ቅጂ አለህ እኮ! ያ የገበሬዎቹ ነገር ቦነስ ትራክ ነው!» ብሎ ካሴቷን እንዳሳየው ይወተውተኝ ጀመር። ከመሳቢያው ሥር አውጥቼ ብሰጠው፣ የተለጠፈውን ፕላስተርና «ክላሲካል» የሚለውን የቢክ ጽሑፍ በስልኩ ከፊትም ከኋላም ሲያነሣ ዋለ።

መሪጌታ ይህን ሁሉ እያዩ ሌላ ነገር ያሰላስሉ ነበር። በብራና መጽሐፍ መጨረሻ ጸሐፊው ምሕረት የሚለምነው በሥርዓት ነው፤ ለጻፈው፣ ላጻፈው፣ ላነበበው፣ ለተረጐመውና ለሰማው። እርሳቸውም በጣታቸው እየቈጠሩ፣ ኃይሉ ጻፈው፣ አሜሪካዊው አጻፈው፣ ይህ ልጅ ተረጐመው፣ እኛም ሰማነው አሉና፣ «ያ በባሕር ዳር ካሴቱን ይዞ ያቆየው ባለ ሱቅስ በየትኛው ይገባል?» ብለው ተጨነቁ። እኔ ነጋዴ ነውና ትርፉን በጊዜው አግኝቷል ብል፣ አይሆንም አሉ፤ ያልተሸጠ ዕቃ ያን ያህል ዘመን ሳይጥል ማቆየት ከገዳም ዕቃ ቤት ጠባቂ ሥራ በምን ያንሳል? በኋላ «ላቆየው» የሚል አንድ ቃል በመካከል እንዲጨመር ተስማማን፤ ቀጂው ልጅ ግን የባለቤቱን ስም ስላልጻፈ እስኪጸጸት ድረስ ከዝርዝሩ ውጭ እንዲቈይ መሪጌታ በየኑበት።

ሊሄዱ ሲነሡ ከነጠላቸው ጫፍ የተቋጠረ ነገር ፈትተው አንድ አሮጌ ካሴት አወጡ፤ ልጁ የስልክ ሰው መሆኑን ሰምተው ኖሮ ቀድሞውንም ይዘውት የመጡት ነው። «አንደኛው ፊት የጥምቀት ማኅሌት አለበትና እንዳትነካብኝ» አሉ፤ «በሁለተኛው ፊት ያቺን አምባሰሏን ቅዳልኝ።» የእኅቴ ልጅ ካሴቱን ተቀብሎ፣ ከስልኩ የሚሰካበትን ቀዳዳ እየፈለገ፣ አገላብጦ አገላብጦ ያየው ነበር።